ሞዴል ተዝናኚዎች

ጓድ ገብረ መድኅን ቡልጋሪያ ባይሄድ ኖሮ እሑዳችንን ተኝተን እናሳልፍ ነበር። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ነው። በሰባ አምስት ዓ.ም. መስከረም ላይ ለአሥራ ስምንት ቀን ሥልጠና ተላከና ሲመለስ አንድ ካፖርት፣ አንድ ጉንፋንና አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። ካፖርቱ ለመካኒሳ ፀሐይ አልሆነም፤ ጉንፋኑም በሳምንቱ ለቀቀው። ሐሳቡ ግን እኛን አለቀቀንም።

ሐሳቡ ይህ ነው። ቡልጋሪያ ውስጥ ሠራተኛው በዕረፍት ቀኑ ተራራ ይወጣል። ተራራው ላይ የተጠረገ መንገድ፣ አግዳሚ ወንበርና ሰሌዳ አለ። ሠራተኛው ዛፍ ያያል፣ ንጹሕ አየር ይስባል፣ ሰኞ ጠዋት ምርቱ በእጥፍ ያድጋል። "ታዲያ እኛ ምን ጎደለን?" አለ ጓድ ገብረ መድኅን በስብሰባው ላይ። የጎደለን ተራራ ነበር፤ ግን ማንም አልተናገረም። እኔም አልተናገርኩም። ላቀው እባላለሁ፣ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ፣ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። እስከዛሬ በሕይወት የቆየሁትም ስብሰባ ላይ ባለመናገር ነው።

ከመካኒሳ አቦ ጀርባ፣ ወደ ለቡ ሲኬድ፣ አንድ ጉብታ አለ። ሰው ሲጋራውን ለኩሶ ከግርጌው ቢነሣ ሲጋራው ሳያልቅ አናቱ ላይ ይደርሳል። ላሞች ይግጡበታል፣ ሴቶች ጭራሮ ይለቅሙበታል፣ በወዲያኛው ጎኑ አንዲት ያረጀች ወይራ ቆማለች። ሌላ የሚወራለት ነገር የለውም። በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ "የድል ጮራ ሕዝባዊ የተራራ ፓርክ" ሆነ። ላሞቹ ተባረሩ፣ ጭራሮ መልቀም ተከለከለ፣ አጥር የሌለው በር ተሠራ። በሩን ትቶ በጎን የገባ ሰው እንደሚቀጣም ተነገረን።

ሰሌዳዎቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፌ ያምራል። "ተፈጥሮን እንውደድ።" "ይህ ሣር ነው፤ አይረገጥም።" "እዚህ ቆሞ መልክዓ ምድሩን ማድነቅ ይቻላል።" ጓድ ገብረ መድኅን የመጨረሻውን ረዘም ላለ ጊዜ አየውና "ይቻላል" የሚለውን ሰርዞ "ይገባል" አደረገው። ከዚያ ሁለት ሺህ የጽድ ችግኝ ተከልን። የተከልነው ኅዳር ላይ፣ ዝናቡ ከቆመ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ስንቱ እንደጸደቀ ያየ ያውቀዋል። እኔ በሪፖርቱ ላይ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ጸድቋል ብዬ ጻፍኩ፤ ሊቀ መንበሩም ቁጥሩን አይቶ በደስታ ፈረመ።

ቀጥሎ እሑድ ጠዋት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት "የተፈጥሮ አድናቆት ሰዓት" ታወጀ። ከየቤቱ አንድ ሰው መውጣት አለበት። በሩ ላይ ቆሜ ስም እጠራለሁ። የቀረ ሰው የወሩን ስኳር ከቀበሌው ሱቅ አያገኝም። ስለዚህ ቀበሌው በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ በተፈጥሮ ፍቅር ነደደ። ስድስት መቶ ሰው ይወጣና ጉብታው ይጨናነቃል፤ የሚደነቅ ሣር ቢኖርም ከእግራችን ሥር ነው። ጓድ ገብረ መድኅን በድምፅ ማጉያ "አሁን ወደ ምሥራቅ ዙሩ፤ ሸለቆውን አድንቁ" ይላል፤ እንዞራለን። "ንጹሕ አየር ሳቡ" ይላል፤ እንስባለን። ስድስት መቶ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ የሚስበውን አየር ንጽሕና አልነግራችሁም።

በርበሬ ነጋዴዋ ጎረቤቴ ሙፊዳ አንድ እሑድ ከጎኔ ቆማ ነበር።

"ጋሼ ላቀው፣ ምንድን ነው የምናየው?"

"መልክዓ ምድር።"

"ያ በቀይ ቆርቆሮ የተጠገነው ቤት የኔ አይደለም እንዴ?"

"ነው።"

"የገዛ ቤቴን ለማየት ነው ከቤቴ ያስወጣችሁኝ?" አለችና ሻርፗን አስተካክላ አድናቆቷን ቀጠለች።

ሕዝቡ ከጉብታው ሲወርድ ቅጽ ይሞላል። "ምን ያህል ተዝናኑ?" ይላል ጥያቄው። መልሱ ሁለት ነው፤ "በጣም" ወይም "እጅግ በጣም"። "በጣም" ያሉት ሰኞ ቢሮ እየተጠሩ ምን እንደጎደላቸው ይጠየቁ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ቀበሌው በሙሉ እጅግ በጣም ተዝናና።

ታኅሣሥ ላይ አንድ ሰኞ የፓርኩ ጥበቃ ኦልጅራ ቢሮ ገባ። ኦልጅራ ላሞቹ ከጉብታው ሲባረሩ የሚግጡበት አጥቶ የሸጣቸው ሰው ነው። ላሞቹን ያባረረው ቀበሌ እሱኑ ጥበቃ አድርጎ ቀጠረው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አይናገርም።

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚመጡ ሰዎች አሉ።"

"ምን ሰረቁ?"

"አልሰረቁም።"

"እንጨት ለቀሙ?"

"አለቀሙም። በበሩ ነው የሚገቡት። ከወይራዋ ሥር ቁጭ ይላሉ። ሁለት ሰዓት ቆይተው ይሄዳሉ። ሲወርዱ ፊታቸው ደስ ይላል።"

"ማን አዘዛቸው?"

"ማንም።"

"ስም የጠራው ማነው?"

"ማንም አልጠራም።"

ጓድ ገብረ መድኅን ከወንበሩ ተነሣ። እንባ አቀረረ ብል አላጋነንኩም። አንድ ወር ሙሉ ሕዝቡን በስኳር እየጎተተ ሲያዝናና የቆየ ሰው ነው። ልቡ የሚያውቀውን ያውቃል፤ እውነተኛ ተዝናኚ አላገኘም ነበር። "ላቀው፣ ጻፍ" አለኝ። "ሰፊው ሕዝብ በራሱ ተነሳሽነት መዝናናት ጀምሯል። እነማን ናቸው?"

"አሥራ አራት ናቸው" አለ ኦልጅራ። "ግንበኛው ሙሴ አለ፣ ሚስቱ አስቴር አለች..."

ክው አልኩ። የቀሩትን ስሞች የጻፍኩት እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ሙሴና አስቴር ከከምባታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው። የእነሱን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እቤታቸው ተሰብስበው ሲጸልዩ ተያዙና ሙሴ አሥራ አንድ ወር ታሰረ። ሊፈታ ሲል ሁለተኛ ለጸሎት አልሰበሰብም ብለህ ፈርም አሉት። እምቢ አለ። ጣቱን በግድ ይዘው ወረቀቱ ላይ አተሙትና "ሁለተኛ ከተያዝክ አትወጣም" ብለው ለቀቁት። በዚያ አሥራ አንድ ወር አስቴር በልብስ ስፌት ሦስት ልጆች ስታሳድር በግድግዳው በኩል የሲንጀሯን ድምፅ እሰማ ነበር። ሄጄ በሯን አንኳኩቼ አላውቅም። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ስም አልሰጠውም። ጓድ ገብረ መድኅን ደግሞ ያኔ ሊቀ መንበር አልነበረም። ሙሴን የሚያውቀው የቢሮውን አጥር የገነባ ትሑት ሰው ብሎ ነው።

የዚያን ቀን ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እነሱ ቤት ገባሁ። አስቴር ትሰፋለች፤ ሙሴ እጁን ከሲሚንቶ እየታጠበ ነው።

"ሁለተኛ እዚያ ጉብታ ላይ እንዳላያችሁ" አልኳቸው።

"ምነው ጋሼ ላቀው?" አለች አስቴር።

"ሊቀ መንበሩ ወደዳችሁ።"

ሙሴ ሳቀ። "መውደዱ ምን ክፋት አለው?"

"ሞዴል ተዝናኚ ብሎ ለከፍተኛው ሪፖርት አድርጓል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ያያችኋል።"

አስቴር መርፌውን አቆመች። "አሁን ብንቀር ለምን ቀራችሁ አይሉንም?"

እውነቷን ነው። ያልታዘዙበትን ነገር በመሥራታቸው ተመስግነዋል፤ ከዚህ በኋላ ቢተዉት ይጠየቃሉ። እንዲህ ያለ ወጥመድ ታስቦበት ቢሠራ አያምርም።

"እሺ" አልኩ። "ሰውዬው እዚያ ምን ታደርጋላችሁ ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትላለህ?"

"እንጸልያለን እላለሁ" አለ ሙሴ።

ደሜ ፈላ። "አንተ ሰው፣ ሣር እናያለን በል። አየር እንስባለን በል። እዚህ ቀበሌ ውስጥ ሁላችንም የምንለውን በል።"

"ካልጠየቁኝ አልናገርም ጋሼ። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።"

"ልጆችህስ?"

ሲሚንቶውን ከጣቶቹ ማሸቱን ቀጠለ። አስቴርን አየኋት፤ የሰፋችውን ጨርቅ አጥፋ እንደገና ዘረጋችው። አንጀቴን በላችኝ። ስለዚህ ነገሩ በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ። ያቺ ጥያቄ ከተጠየቀች ሙሴ ይሄዳል፤ ካልተጠየቀች ይተርፋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ማንም ምንም እንዳይጠይቅ ማድረግ ሆነ።

እኔ ይህን ሳስብ ሪፖርቱ ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ ሪፖርት ደግሞ ሲወጣ ይወፍራል። ከእኛ ሲነሣ አሥራ አራት የነበሩት ተዝናኚዎች ከቀበሌው በላይ ያለው ከፍተኛው ላይ ሲደርሱ መቶ አርባ ሆኑ። የከፍተኛው ተቆጣጣሪ ራሱ ፈርሞ ወደ ከተማው አሳለፈው። የላይኞቹ ደስ አላቸውና ፎቶግራፍ አንሺ ተላከ። ሰውዬው ከሩቅ ሆኖ አሥራ አራቱን ከወይራዋ ሥር አንገታቸውን ደፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አነሣቸው። ፎቶግራፉ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተሰቀለ። መግለጫውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ "ሞዴል ተዝናኚዎች ሣሩን በጥሞና ሲመለከቱ።"

ተቆጣጣሪው የመጣው የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ ነው። ጥቁር መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነበር፤ ሲራመድ ጫማውን አቧራ እንዳይነካው ይጠነቀቃል። ስድስት መቶውም ሰው ወጥቷል። ፕሮግራሙን ያዘጋጀሁት እኔ ስለሆንኩ ለጥያቄ የሚሆን ቀዳዳ አልተውኩም። መዝሙር፣ ንግግር፣ መዝሙር፣ ረጅም ንግግር፣ የችግኝ ጉብኝት፣ ለስላሳ መጠጥ፣ መሰናበቻ። ለችግኝ ጉብኝቱ ከጎረቤት ግቢ አርባ ጽድ አስነቅዬ በማለዳ አስተክያለሁ። ሁሉም እንዳሰብኩት ሄደ። ለስላሳው ተጠጥቶ ተቆጣጣሪው መኪናው ወደቆመበት ፊቱን ሲያዞር በልቤ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ጓድ ገብረ መድኅን ግን ደስታው ሞልቶ ፈሰሰ። "ጓድ ተቆጣጣሪ፣ ለምን ከሰፊው ሕዝብ አንደበት አይሰሙትም?" አለ።

ተቆጣጣሪው ወደ ወይራዋ ዞረ። ከአሥራ አራቱ ውስጥ ማንንም ሊመርጥ ይችል ነበር። ሙሴን መረጠ፤ ረጅም ስለሆነ ነው መሰለኝ።

"ጓድ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ መጥታችሁ ምንድን ነው የምታደርጉት?"

"እንጸልያለን" አለ ሙሴ። ስንት ሰዓት ነው ተብሎ እንደተጠየቀ ሰው ነው የመለሰው።

ስድስት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አስቴር ዓይኗን ጨፈነች። ተቆጣጣሪው ሊቀ መንበሩን አየ፣ ሊቀ መንበሩ እኔን አየ፣ እኔ የማየው ሰው አልነበረኝም። ከዚያ ተቆጣጣሪው ዓይኑን በብብቱ ወደያዘው ፋይል ሲመልስ አየሁት። ከቀበሌው በፊትም በየቢሮው ጸሐፊ ነበርኩ፣ ሃያ ዓመት ሞልቶኛል፤ የገዛ ፊርማው ትዝ ያለው ሰው ፊቱ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ሙሴ የሚጸልይ ከሆነ ከፍተኛው፣ ከተማውና ከዚያ በላይ ያሉት ሁሉ ሁለት ወር ሙሉ ጸሎትን በማኅተም ሲያመሰግኑ ነው የከረሙት።

ያን ጊዜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተናገርኩ።

"ጓድ ተቆጣጣሪ" አልኩ፣ "ጓድ ሙሴ ከደቡብ የመጣ ሠራተኛ ስለሆነ አገላለጹ የራሱ ነው። ሊል የፈለገው ግለ ሂስ ያደርጋሉ ነው። በተፈጥሮ ፊት ተቀምጠው፣ በጥሞና፣ ጥፋታቸውን አንድ በአንድ ያነሣሉ።"

ሙሴ አፉን ከፈተ። "አይደለም" ሲል ከንፈሩን አይቼዋለሁ። ግን ጓድ ገብረ መድኅን ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር፤ ሊቀ መንበር ካጨበጨበ ስድስት መቶው ያጨበጭባል። ተቆጣጣሪው ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። የሙሴን ቃል የሰማ ሰው የለም።

ሰውዬው ሲሄድ እኔን ብቻ ወደ መኪናው ጠራኝ። መነጽሩን አወለቀ። ሁሉም ነገር ገብቶታል።

"ይህ ግለ ሂስ መሪ ያስፈልገዋል" አለ። "ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ አንድ ሰው አብሯቸው ይቀመጥ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የፖለቲካ ትምህርት ያንብብላቸው። ሳያቋርጥ። አንዲት ደቂቃ ዝምታ እንዳትኖር። አንድም ሰው እንዳይቀር፣ ስም ይጠራ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"አንተ ጥሩ ትናገራለህ" አለና በሩን ዘጋ።

ያን ምሽት ቤቴ ገብቼ ራሴን ጀግና አልኩት። ግንበኛው ከልጆቹ ጋር ራት ይበላል፣ ሲንጀሯ በግድግዳው በኩል ታጉረመርማለች፣ ማንም ማንንም አልወሰደም። ይህን ያደረግኩት እኔ ነኝ። አርባ ሰባት ዓመት ዝም ብዬ ኖሬ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሰው አተረፍኩ።

ቅዳሜ ወፍራሙን የፖለቲካ ትምህርት መጽሐፍ ይዤ ጉብታው ላይ ወጣሁ። አሥራ አራቱም ከወይራዋ ሥር ተቀምጠዋል፤ ስም ጠራሁ፣ ሁሉም አሉ። ኦልጅራ ትንሽ ራቅ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። "ላቀው" አለኝ፣ "በዚህ በኩል ያለው ጆሮዬ አይሰማም። ብታነብም ባታነብም ለኔ ያው ነው።" ከዚያም ያን ጆሮውን ወደ እኛ አዞረ። ከእሱ በቀር ጉብታው ላይ ማንም አልነበረም።

አነበብኩ። ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ስለ ምርት ኃይሎችና ስለ ምርት ግንኙነቶች አነበብኩ። አራት ነጥብ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈን ሲያደርጉ አያለሁ፤ እኔም ፈጥኜ የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እጀምራለሁ። ዓይናቸውን ይከፍታሉ። እንዲህ ስንባባል ሁለት ሰዓት ሞላ። ኦልጅራ አንዴም ዞር ብሎ አላየንም።

ስንወርድ ሙሴ ከጎኔ ሄደ። መንገዱ ያንሸራትት ስለነበር መጽሐፉን ከእጄ ተቀብሎ ያዘልኝ። ምስጋና እየጠበቅሁ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ሳይመጣ ሲቀር እኔው አወጣሁት።

"ያም ሆነ ይህ ከእስር ቤት ይሻላል፣ አይደል?"

ሙሴ አሰበ። ሰው ደስ እንዲለው ብሎ የሚመልስ ዓይነት አይደለም።

"እዚያ በሩን ዘግተውብን ይሄዱ ነበር ጋሼ" አለ። "ከዚያ በኋላ ማንም አይናገረንም። እስኪነጋ እንጸልይ ነበር።"

ወቀሳ የለበትም፤ ተጠየቀ፣ መለሰ። ከቤቴ በር ስንደርስ መጽሐፉን በሁለት እጁ ሰጠኝና ደህና ያምሹ አለኝ። ተናደድኩ። በእሱ፣ በቡልጋሪያ፣ በሲጋራ ዕድሜ በሚወጣ ጉብታ፣ በሁሉም ተናደድኩ። ውለታ የማያውቅ ሰው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ራሴም ሊያምነኝ አልቻለም።

ስልሳ አራት ቅዳሜ አነበብኩላቸው። መጽሐፉ ሦስት ጊዜ አልቆ እንደገና ተጀምሯል። በየሳምንቱ ኦልጅራ የማይሰማውን ጆሮውን ያዞርልኛል፣ በየሳምንቱ እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነባለሁ። ለታማኝነቴ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኛል። ከአሥራ አራቱ አንዳቸውም ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም። አስቴር ብቻ አንድ ቅዳሜ፣ ጉንፋን ይዞኝ እያሳልኩ ስም ስጠራ፣ "አለሁ" ካለች በኋላ ቀና ብላ አየችኝ።

"ጋሼ ላቀው፣ ድምፅዎ ዘግቷል። ዛሬ እንኳ ትንሽ አያርፉም?"

ውሃ ተጎነጨሁ፣ የቀሩትን ስም ጠራሁና መጽሐፉን ባለፈው ቅዳሜ ካቆምኩበት ቀጠልኩ።